ከታፔላው ጀርባ፦ የፕሮጀክት ቃላት በካፋ ጫካ

ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ካፋ ዞን ገብቷል። ወደ ቦንጋ በቀረበ ቁጥር ጫካው እየወፈረ፣ የመንገድ ዳር ታፔላውም እየበዛ ይሄዳል። በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ የፕሮጀክት ስም፤ ከሥሩ ለጋሹ፣ ፈጻሚው፣ ተባባሪው መሥሪያ ቤት፣ ተጠቃሚው ቀበሌ፣ የተጀመረበትና የሚያበቃበት ዓመት። ቀለሙ የለቀቀ፣ ማብቂያ ዓመቱ ካለፈ የሰነበተም አይጠፋም። አላፊ አግዳሚው አያነበውም። ቢያነበውም የሚገባው ጥቂት ነው፤ እነዚያ አምስት ስድስት መስመሮች የአንድ ሙያ ቃላት ናቸውና።

ሙያው የፕሮጀክት አስተዳደር ይባላል። ቃላቱን በየስብሰባውና በየዜናው እንሰማቸዋለን፤ «ባለድርሻ አካላት»፣ «ውጤት ተኮር»፣ «ክትትልና ግምገማ»። ከመደጋገማቸው ብዛት ሰሚው ጆሮውን ዘግቶባቸዋል። እያንዳንዳቸው ግን መልስ የሚሻ ጥያቄ ይዘዋል፤ ጥያቄው ሳይመለስ ሥራው ከተጀመረ ደግሞ ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ።

ቃላቱን ለማስተዋወቅ ቦንጋን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ፋርም አፍሪካና ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል የተባሉት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1996 አሳታፊ የደን አስተዳደርን በምዕራብ ሸዋው በጭሊሞና በቦንጋ ደኖች መሞከር ከጀመሩ ወዲህ፣ በዚህ ዞን የደን ፕሮጀክት ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ናቡ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የጀርመን የተፈጥሮና ብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ማኅበር መጣ፤ ደን የማይቆረጥባቸውን ምርቶች የሚያበረታታ ሌላ ፕሮጀክት ካፋን፣ ሸካንና ቤንች ማጂን አዳርሶ ሠራ። ስለዚህ «ሎግ ፍሬም»፣ «ኢንዲኬተር»፣ «ፌዝ አውት» የሚሉት ቃላት እዚህ ከቢሮ አልፈው ቀበሌ ወርደዋል። ቃላቱ መሬት ሲነኩ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ፕሮጀክት ማለት አንድ የተለየ ነገር ለማስገኘት የሚቋቋም፣ መነሻውና መድረሻው የታወቀ ጊዜያዊ ሥራ ነው። ከመደበኛ ሥራ የሚለየው ጊዜያዊ በመሆኑ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ችግኝ ያፈላል፣ ደን ያስጠብቃል፤ ይህ መደበኛ ሥራ ነው፤ ዘንድሮ አልቆ የሚዘጋ አይደለም። የካፋን ደን በዩኔስኮ ዘንድ ባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ ማስመዝገብ ግን ፕሮጀክት ነበር። ጥናት ተደረገ፣ ወሰን ተከለለ፣ ማመልከቻ ቀረበ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 (በ2002 ዓ.ም.) ከያዩ የቡና ደን ጋር በአንድ ላይ ተመዘገበ፤ የማስመዝገቡ ሥራ በዚያ አበቃ።

ሦስተኛ ዓይነት ነገርም አለ፤ የፕሮጀክት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እሱን ነው። በካፋ ደን ውስጥ «ኮቦ» የሚባል ነባር ይዞታ አለ። ቤተሰብ ከአባት ከአያት የወረሰው የደን ክልል ነው፤ የኮቦው ባለቤት በዚያ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል፣ የደን ቡና ይለቅማል፣ ወሰኑንም ጎረቤቱ ያከብርለታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ ኮቦ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ በሰው ልብና በሰው አፍ ግን ቀጠለ። ኮቦ ታፔላ የለውም፣ በጀት የለውም፣ ማብቂያ ቀን የለውም። እዚያ ደን ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ፕሮጀክት ባዶ ቦታ ላይ እንዳልቆመ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ሙያው እምብርት እንግባ። የፕሮጀክት ሰው ሁሉ ከሦስት ነገሮች ጋር ይታገላል፦ ከወሰን፣ ከጊዜና ከገንዘብ። ሦስቱ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱን ነክቶ ሌሎቹን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። ሥራው ሲሰፋ ወይ ቀን ይጨመራል ወይ ብር፤ ሁለቱም ካልተጨመሩ ጥራት ይቀነሳል። በአገራችን የግንባታ ፕሮጀክቶች ላይ «ቫሪዬሽን» (የሥራ ለውጥ) እና «የጊዜ ማራዘሚያ» የሚሉት ቃላት ተለያይተው የማይሰሙት ለዚህ ነው።

ወሰን ማለት ፕሮጀክቱ የሚሠራውና የማይሠራው ነገር ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይበልጣል እላለሁ። ምን እንደማይሠራ ያልጻፈ ፕሮጀክት የተለመነውን ሁሉ ሲሠራ ይከርማል፤ ዛሬ ደን ለመጠበቅ መጥቶ ነገ ትምህርት ቤት ጣራ እንዲያለብስ፣ ከነገ ወዲያ ድልድይ እንዲጠግን ይጠየቃል። ጥያቄው ሁሉ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ ግን ለዚያ አልታሰበም። ወሰንን አስቦ ማስፋት ሌላ ነገር ነው። የቦንጋው አሳታፊ የደን አስተዳደር በአንድ ምዕራፉ የስነ ተዋልዶ ጤናን ጨምሮ ይሠራ ነበር። ደንና የቤተሰብ ምጣኔ ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ይኖራል። የታረሰ መሬት በልጆች ቁጥር ሲከፋፈል ቀጣዩ ማሳ ከደኑ ውስጥ እንደሚወጣ ለሚያውቅ አርሶ አደር ግን ግንኙነቱ ግልጽ ነው። ያ የወሰን መስፋት በሰነድ ተጽፎ፣ በጀት ተይዞለት የተደረገ ነው።

በካፋ ወሰን ቃል በቃልም ወሰን ነው። ባዮስፌሩ 760,000 ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ እሱም በአራት ተከፍሏል። ከ41,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው ማንም የማይነካው ማዕከላዊ ክልል ነው። ወደ 219,000 ሄክታር ወደፊት ማዕከላዊ እንዲሆን የታጨ፣ ወደ 161,000 ሄክታር ተከላካይ ክልል፣ ቀሪው 338,000 ገደማ ደግሞ እርሻውና ከተማው ያለበት የሽግግር ክልል ነው። አርሶ አደሩ የት ቡና ይለቅማል፣ የት ከብት ያሰማራል፣ የት ምሳር ይዞ አይገባም የሚለው ሁሉ በዚህ ካርታ ላይ ያርፋል። ከዚህ የጠራ የወሰን ሰነድ ማግኘት ይከብዳል፤ መሬት ላይ የሚያስከብረው ሰው ማን ነው የሚለው ግን ካርታው የማይመልሰው ጥያቄ ነው።

ያ ጥያቄ ወደ ባለድርሻ አካላት ያመጣናል። ባለድርሻ ማለት ፕሮጀክቱ የሚጠቅመው፣ የሚጎዳው ወይም ሊያደናቅፈው የሚችል ሰው ሁሉ ነው። በቢሮ አነጋገር ቃሉ ወደ «የተጋበዙ እንግዶች» ወርዷል፤ አበል የሚከፈላቸው፣ ሻይ የሚጠጡ፣ መዝገብ ላይ የሚፈርሙ። በሙያው ግን የባለድርሻ ትንተና ከባድ ሥራ ነው። ባለሙያዎች ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ሰው ጉዳዩ ምን ያህል ይነካዋል? ውሳኔውን የመለወጥ ምን ያህል አቅም አለው? በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት አቅሙም ጉዳዩም ያለው በቅርብ ይያዛል፤ ጉዳዩ ኖሮት አቅም የሌለው ደግሞ «እንዲያውቀው ይደረጋል»።

መጽሐፉን በካፋ ላይ ብቻውን ብንተገብር ማንጆዎች በዚያ «ይነገራቸው» በሚባል ጥግ ይቀራሉ። ማንጆዎች በካፋ ማኅበረሰብ ዘንድ ለረጅም ዘመን ተገልለው የኖሩ ናቸው፤ ሌላው አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም፣ አይጋባም ነበር። አብዛኞቹ በደን ዳር የሚኖሩ፣ ማገዶና ከሰል ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። በስብሰባ ላይ ድምፃቸው አይሰማም፤ ደኑን ግን ከማንም በላይ በየቀኑ የሚረግጡት እነሱ ናቸው። እነሱን ያላስገባ የደን ስምምነት ወረቀት ላይ ያምራል፤ ጫካ ውስጥ አይሠራም። አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር የደኑ ተጠቃሚ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከኮቦ ባለቤቶችና ከታወቁ ሽማግሌዎች አልፎ ማንጆዎችን እንዲያካትት ተደርጎ ነበር። በተጠቃሚ ቡድኖች ውስጥም አባል ሆኑ። ይህ ብቻውን የዘመናት መገለልን አስቀርቷል ማለት አይደለም። ከሁለቱ ጥያቄዎች በላይ አንድ ሦስተኛ መኖር እንዳለበት ግን ያሳያል፦ ይህ ሰው ካልተስማማ ሥራው ይቆማል ወይ?

ከማንጆዎች ሌላ ኮሮሪማና ጥምዝ ለቅመው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ቀፎ የሚሰቅሉ ወንዶች አሉ። መሬት የሚጠይቁ ባለሀብቶች፣ የውሽውሽ ሻይ እርሻን የመሰሉ ሰፋፊ ልማቶች፣ ገቢ የሚፈልግ ወረዳ አሉ። ድርድሩ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አሳታፊ የደን አስተዳደር መጀመሪያ ደኑንና ተጠቃሚውን ያጠናል፣ ቀጥሎ ይደራደራል፣ የአስተዳደር ዕቅድ ያወጣል፣ በመጨረሻ ማኅበረሰቡና መንግሥት ይፈራረማሉ። የመጀመሪያዎቹ ለጋሾች ይህ ሁሉ «ሥራ» መሆኑን ለማመን መቸገራቸው አይቀርም፤ የሚታይ ነገር የለውምና።

«የሚታይ ነገር» ካልን የሙያው ትልቁ ክርክር ውስጥ ገባን። ፕሮጀክት ግብዓት አለው፤ ገንዘብ፣ ሰው፣ መኪና። በግብዓቱ ተግባር ይፈጸማል፤ ከተግባሩ አንድ ነገር ይወጣል፤ ያ ነገር የሰውን ኑሮ ወይም ልማድ ይለውጣል፤ ለውጡ ደግሞ ሲውል ሲያድር ወደ ትልቁ ዓላማ ያደርሳል። ችግሩ በአማርኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደረጃዎች ሁሉ «ውጤት» እያልን መጥራታችን ነው። እኔ እዚህ የመጀመሪያውን ምርት፣ ሁለተኛውን ለውጥ፣ ሦስተኛውን ፋይዳ እላቸዋለሁ።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጀርመን የአካባቢ ሚኒስቴር የአየር ንብረት ገንዘብ በተካሄደው የናቡ ፕሮጀክት ውስጥ ምድጃ ማሠራጨት አንዱ ሥራ ነበር። ምድጃው ተሠርቶ ለቤተሰብ ደረሰ፤ ይህ ምርት ነው። ሪፖርት ላይ በቀላሉ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። እናቲቱ በየቀኑ ተጠቀመችበት፣ የምትሸከመው እንጨት ቀነሰ፤ ይህ ለውጥ ነው። ከደኑ የሚወጣው ማገዶ ቀንሶ ደኑ አገገመ፤ ይህ ፋይዳ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ላይ ማንም የማያዝዘው ነገር አለ። ምድጃው ለየትኛው ምጣድ ነው የተሠራው? ቤቱ የሚጋግረው እንጀራ ነው ወይስ ቆጮ? ጭሱ ብርዱን ያባርርና ጣራውን ከምስጥ ይጠብቅ ከነበረ፣ ጭስ የሌለው ምድጃ ለምን ይወደዳል? የተረፈው እንጨት ደግሞ ገበያ ወጥቶ ይሸጥ እንደሆነስ?

እነዚህ ጥያቄዎች በሙያው ቋንቋ «ታሳቢዎች» ይባላሉ። ቦታቸው ሎግ ፍሬም የሚባለው ሠንጠረዥ የመጨረሻው አምድ ነው። ሎግ ፍሬም እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካው የልማት ተራድኦ ድርጅት የተቀረጸ ዘዴ ነው፤ ድርጅቱ ገንዘቡን ሲያወጣ ምን እንዳገኘበት መናገር አቅቶት ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተቀብለው፣ ተሳታፊዎችን ሰብስቦ በካርድ ላይ ችግር እያስጻፉ ግድግዳ ላይ መለጠፍን ጨምረውበት ወደ እኛ አመጡት። ቀኑን ሙሉ ባለቀለም ካርድ ሲለጥፍ የዋለ የዞን ባለሙያ ከየት እንደመጣበት አሁን ያውቃል። ሠንጠረዡ ግብን፣ ለውጥን፣ ምርትንና ተግባርን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፤ ወደ ጎን ደግሞ መለኪያውን (ኢንዲኬተሩን)፣ ማረጋገጫውንና ታሳቢውን። ባየኋቸው ሰነዶች የታሳቢው አምድ በአብዛኛው «ሰላም ይኖራል፣ የመንግሥት ድጋፍ ይቀጥላል» በሚል ተሞልቶ ይታለፋል። ፕሮጀክት የሚወድቀው ግን እዚያ አምድ ላይ ነው። የሰነዱን ጥራት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ አምድ ቢጀምር ጊዜ ይቆጥባል።

መለኪያ ካለ መነሻ ያስፈልጋል። የመነሻ ጥናት፣ በቢሮ አጠራር ቤዝላይን፣ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ነገሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚመዘግብ ነው። መነሻ ሳይኖር «ደኑ አገግሟል» ማለት ምስክር የሌለው ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የተለያየ ሙያ ያላቸው ተመራማሪዎች በካፋ ባዮስፌር ገብተው እንስሳውንና ዕፅዋቱን የመዘገቡበት ጥናት ለዚህ ይጠቅማል፤ ዛሬ ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያነጻጽረው ነገር አለው። መነሻም ብቻውን አይበቃም። ደኑ ፕሮጀክቱ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር? ጎረቤት ጅማ ዞን በሚገኘው የበለጠ ገራ ደን፣ የጃፓኑ ጃይካ የደገፈውን የማኅበረሰብ ደን አስተዳደር ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል መርምረው፣ ስምምነት የተፈረመበትን ደን ካልተፈረመበት ጋር አነጻጽረው ልዩነት አግኝተዋል። የፋይዳ ግምገማ የሚባለው ይህ ነው። ተሰብሳቢን «ፕሮጀክቱ ጠቅሟችኋል?» ብሎ ጠይቆ እጅ ማስወጣት ግምገማ አይባልም።

ጊዜን በተመለከተ የሚጠቀሱት ስሞች የፋብሪካና የጦር ናቸው። ሥራዎችን በአግድም አሞሌ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የሚያሳየው ሠንጠረዥ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በሄንሪ ጋንት ስም ይጠራል። ወሳኝ መስመር የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1957 በዱፖንት የኬሚካል ኩባንያ ተፈለሰፈ፤ በዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳኤል ተመሳሳዩን አወጣ። ወሳኝ መስመር ማለት አንዱ ካላለቀ ሌላው የማይጀመር፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ፕሮጀክቱን በሙሉ አንድ ቀን የሚያዘገይ የሥራዎች ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ውጭ ያሉት ሥራዎች ፋታ አላቸው፤ ትንሽ ቢንቀራፈፉ ጉዳት የለውም። ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን መጣል ያለበት በሰንሰለቱ ላይ ነው።

በቦንጋ የዚህ ሰንሰለት ሹሙ ዝናብ ነው። ችግኝ የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ ነው። ለዚያ ጉድጓዱ አስቀድሞ መቆፈር አለበት፤ ችግኙ ከዚያ በፊት ብዙ ወራት በመደብ ላይ መቆየት አለበት፤ እንደ ዝግባ ያለው አገር በቀል ዛፍ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ዘሩ ከዚያ በፊት በስሎ ሲገኝ መለቀም ነበረበት፤ የሚተከልበት ቦታ ከነዋሪው ጋር ስምምነት ላይ ካልተደረሰበትም ሁሉም ከንቱ ነው። አሁን በዚህ ላይ የበጀት ዓመትን እንደርብበት። የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ችግኝ ከመደብ ተነስቶ ወደ ጉድጓድ በሚሄድበት በዚያው ሰሞን የወረዳው ሒሳብ ሹም መዝገብ እየዘጋ ነው። አዲሱ በጀት ተፈቅዶ ገንዘብ እስኪለቀቅ ዝናቡ ይገፋል። የለጋሹ የበጀት ዓመት ደግሞ ሌላ ነው። በሰነድ ላይ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት የሚባለው እንዲህ ሲሰላ ሦስት ክረምት ላያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ክረምት ሠራተኛ ሲቀጠርና መኪና ሲገዛ አልፏል። የሥልጠና መርሐ ግብርም እንዲሁ ነው። ቡና በሚለቀምበት በመጸው ወራት አርሶ አደሩን አዳራሽ የሚጠራ ዕቅድ፣ ያወጣው ሰው ካፋን የማያውቅ መሆኑን ይናገራል።

ገንዘብን ባጭሩ ልለፈው። መታወቅ ያለበት የፊዚካልና የፋይናንስ አፈጻጸም ልዩነት ነው። እንበል፣ የዓመቱ በጀት ዘጠና በመቶ ወጥቶ ሥራው ስልሳ በመቶ ላይ ቢሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው «ፕሮጀክቱ ጥሩ እየሄደ ነው» ይላል። ሌላው የአስተዳደር ወጪ ነው። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከመቶ ሠላሳው ብቻ ለአስተዳደር እንዲውል ሲደነግግ፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ ሃያ አውርዶታል። የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው የአስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1210፣ ወጥቶላቸዋል፤ ፕሮጀክት ሳይጠና አይጀመር የሚለው ነገር በሕግ የተጻፈው ያኔ ነው።

ስጋትና ችግር ደግሞ ተቀላቅለው ይነገራሉ። ችግር የደረሰ ነገር ነው፤ ስጋት ሊደርስ የሚችል። የስጋት መዝገብ የሚይዝ ፕሮጀክት እያንዳንዱን ስጋት የመድረስ ዕድሉንና ቢደርስ የሚያስከትለውን ጉዳት ይመዝናል፤ ቀጥሎ ባለቤት ይሰጠዋል። ባለቤት የሌለው ስጋት ወሬ ነው። በካፋ ታሪክ ውስጥ ምሳሌ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ የዓለም ቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ «ደኑን ጠብቁ፣ ቡናው ይከፍላችኋል» የሚለው ውል ተናጋ። የደን ቡናን በልዩ ጥራቱና በኦርጋኒክነቱ ለይቶ ለውጭ ገዢ ማቅረብ ለዚያ ስጋት አንዱ መልስ ነበር፤ የካፋ የደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ።

ሁለተኛው ምሳሌ ማንም ቀድሞ የጻፈው አይመስለኝም። የደን ስምምነቶቹ የተፈረሙት በደቡብ ክልል ዘመን ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ የደን ተጠቃሚ ማኅበር ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ ውል የገባልኝ ቢሮ ፋይል ወደ አዲሱ ቢሮ ተሻግሯል ወይ? የመዋቅር ለውጥ በአገራችን ከድርቅ ባልተናነሰ የሚደጋገም ነገር ሆኖ ሳለ በስጋት መዝገብ ውስጥ ቦታ የማይሰጠው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የሕግ ጉዳይም እዚሁ ይገባል። አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር ማኅበረሰብ የደን ባለመብት ነው ብሎ በግልጽ የሚደነግግ የፌዴራል ሕግ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በፊርማና በመተማመን ላይ የቆመ ነበር። የ2010ሩ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት ሲያውቅ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ፕሮጀክቶቹ ያለ ሕግ ሽፋን ያን ያህል መራመዳቸው ድፍረት ነው። ግን የዚያ ሁሉ ዘመን አደጋ የተሸከመው ፈራሚው አርሶ አደር እንጂ ለጋሹ አልነበረም።

አሁን የቀረው የማብቂያው ዓመት ነው። ፌዝ አውት የሚባለው በአሠራር ደረጃ የርክክብ ሥነ ሥርዓት ነው፤ መኪናው ለግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ለኅብረት ሥራው፣ ሰነዱ ለመደርደሪያ። በሙያው ግን መውጫ ስትራቴጂ ከመጀመሪያው ቀን የሚጻፍ ነገር ነው። እኔ በካፋ ከታዩት ፕሮጀክቶች የቀረውን ስመዝን የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ ከፕሮጀክት ገንዘብ ውጭ የሚተነፍስ ነገር ብቻ ቀርቷል። ዩኒየኑ ቡና ስለሚሸጥ ቀርቷል። ማር የሚገዛ ነጋዴ በመገኘቱ የደን ማር ገበያ አግኝቷል። የዩኔስኮ ምዝገባም የቀረው በየአሥር ዓመቱ አገር ሪፖርት አቅርቦ እንዲመረመር ደንቡ ስለሚያስገድድ ነው፤ ማዕረጉን ሰጥቶ የሚረሳ የለም። በአንጻሩ በፕሮጀክት ደመወዝ ብቻ የቆመ ጥበቃ፣ በፕሮጀክት አበል ብቻ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ከማብቂያው ቀን ብዙም አይርቅም። ቦንጋ ውስጥ የቆመውን የብሔራዊ ቡና ሙዚየም የመሰለ ሕንፃም ቢሆን ግድግዳው ምርት ነው፤ አስጎብኚ፣ ኤግዚቢሽን፣ መብራትና የጥገና በጀት የመደበኛው ሥራ ዕዳ ናቸው።

ስለዚህ በቀበሌዎ ወይም በወረዳዎ አዲስ ፕሮጀክት ሲተዋወቅና አስተያየት ሲጠየቁ፣ ስለ ትልቁ ዓላማ ንግግር ከማድረግዎ በፊት ሰነዱን ያስመጡ። የታሳቢዎቹን አምድ ያንብቡ። የማብቂያውን ቀን ይዩና ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚረከበው መሥሪያ ቤት በመደበኛ በጀቱ ስንት ብር እንደያዘለት በስብሰባው ላይ ይጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።